ለድንጋያማው ተዳፋት የሚሆን ጥርስ

ጥቅምት 6

ለጋሼ፤

ከዚህ ከአቧራው መሀል ሰላምታዬ ይድረስዎ። ወገብዎ እንዴት ሆነልዎት? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ሌላው ሌላ ነው።

የነዳጅ ቦቴው ሹፌር ደብዳቤዎን ከሰጠኝ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ሁለት ጊዜ መልስ ጀምሬ ሁለቱንም ቀድጃቸዋለሁ። እዚህ ስልክ እንደማይሠራ ያውቃሉ፤ እሱን ሰበብ አላደርገውም። እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አስቀድሜ የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ምልክት ሰጪያችን ፊሽካ ከሆስፒታል ወጥቷል። ቤቱ ነው ያለው። በምርኩዝ ይሄዳል፤ ጉልበቱ ግን አልታጠፍ ብሏል። ሐኪሞቹ “ጊዜ ይፈልጋል” ብለዋል አሉ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። እሱ ይቆምበት በነበረው መንገድ ዳር ሌላ ምልክት ሰጪ ተተክቷል፤ ፊሽካውን ግን እንደሱ አሳምሮ አይነፋም።

ሥራው ቀጥሏል። ከኤሌክትሪክ መስመሩ ሥር ያለውን ሜዳ መንጥረን ጨርሰን አሁን ተዳፋቱ ላይ ወጥተናል። በእርስዎ ወንበር ላይ አዲስ ኦፕሬተር ተቀምጧል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ዘፈን እየሰማ ነው የሚነዳው። ማሽኑ የሚለውን አይሰማም።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ሌላ ጉዳይ ነው። የፈጪው ከበሮ ጥርሶች አልቀዋል። ያ ቁጥቋጦውን፣ ግንዱን ሁሉ እያደቀቀ ፍርፋሪ ያደርግ የነበረ ማሽን ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ መስሏል፤ ያኝካል እንጂ አይውጥም። ኢንጂነሩ ካታሎጉን ሰጥቶ “ሜካኒኳ አንቺ ነሽ፣ መርጠሽ ጻፊ” አለኝ። የቀረቡልን ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ እንደ ቢላ ስለታም ነው፤ እንጨቱን እንደ ሳሙና ይልጠዋል፣ ሞተሩንም አያስጨንቅም። ሁለተኛው ደንዳና ነው፤ ጫፉ ላይ ካርባይድ የሚሉት ጠንካራ ነገር ተበይዶበታል። ቀስ ይላል፣ ድንጋይ ግን ይችላል ይላሉ።

ሦስት ጊዜ ብዕር አንስቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ። የትኛውን ልዘዝ?

የእህትዎ ልጅ

ጥቅምት 21

ቁንጥንጧ፤

ደህና ነኝ። እናትሽ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል፤ መሻሏን ያወቅኩት እኔን መቆጣት ስለጀመረች ነው።

የማሽን ነገር አትጻፊልኝ ብዬሽ ነበር። እዚህ የእናትሽን በር ማጠፊያ አድሻለሁ፣ የጎረቤቱን የውሃ ቧንቧ ጠግኛለሁ፣ አንድ ወንበር ሠርቼ እግሩ ተንጋድዶብኛል። ሰው “ጡረታ ወጣህ እንዴ?” ሲለኝ “ወጣሁ” እላለሁ። ከዚያ ወዲያ አይጠይቀኝም።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። መስከረም መጨረሻ፣ ያንን ደብዳቤ ከላክሁልሽ በኋላ፣ ፊሽካ ቤት ሄጄ ነበር። ልጆቹ ወለሉ ላይ የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፣ እሱ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተኝቷል። እግሩ ሥር ተደፍቼ አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጆች ፊት። “ተው ተነስ፣ ይቅር ብዬሃለሁ” አለኝ። ተነሳሁ፤ ውስጤ ግን እስካሁን እዚያው ወለል ላይ ነው። ከበሮውን ዝቅ አድርጌ ጥርሱን ድንጋይ ያስነከስኩት እኔ ነኝ። ድንጋይ የነከሰ ጥርስ ተነቅሎ የሰው ጉልበት ውስጥ ገባ። ይኸው ነው።

የኦፕሬተርነት ፈቃዴንም መልሻለሁ። ኢንጂነሩ አጣሪዎቹ እስኪጨርሱ ጠብቅ ብሎኝ ነበር፤ ምኑ ይጣራል አልኩት።

ስለታሙን አትግዢ። መልስ ከፈለግሽ ይኸው። ሜዳ ላይ፣ ለስላሳ አፈር ላይ ቢሆን እሱን እልሽ ነበር፤ ድንጋይ ላይ ግን በአንድ ቀን ተሸራርፎ መጋዝ ይሆንብሻል። ደንዳናውም ቢሆን እንዲሁ በጭፍን አይታዘዝም። ማወቅ የምፈልገውን በሌላኛው ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። ለብቻሽ አንብቢውና ሳትዘይ ሳትቀንሺ መልሺልኝ።

አጎትሽ

ኅዳር 4

ለጋሼ፤

እንደምን አሉልኝ? ፊሽካ ቤት መሄድዎን ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ ዎርክሾፑን ጠረግኩ። ተጠርጎ ነበር፤ እንደገና ጠረግኩት።

በሌላኛው ወረቀት የጻፉትን በየተራ ልመልስ። ድንጋዩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መሬት ላይ እንደ ዳቦ የተዘራ ልቅ ድንጋይ ነው፤ ከበሮው ሲመታው ይንከባለላል። ሁለተኛው ከሥር የበቀለ ነጭ ቋጥኝ ነው፤ ሣር ሸፍኖት አይታይም፣ ሲመታም አይነቃነቅም። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ነጩ ይበዛል።

ያለቁትን ጥርሶች አውርጄ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። የከበሮው መሀል ላይ የነበሩት እንደ ሳሙና ቁራጭ ድቡልቡል ብለው ነው ያለቁት። የሁለቱ ጫፎች ግን አላለቁም፤ ተሸርፈዋል። ግራው ከቀኙ ይብሳል። ይህን ሳይ አዲሱ ኦፕሬተር ወደ ግራ ሲያዞር ከበሮውን እንደማያነሳው ገባኝ። ነገርኩት። “እሺ እህቴ” አለና ዘፈኑን ከፍ አደረገ።

ከመሬት በምን ያህል ከፍታ እንደሚሠራ ለጠየቁኝ፤ በስንዝር እለካዋለሁ ብዬ ቀረብ ስል አላቆም አለ። ከሩቅ ሳየው ግን መሬቱን ይጭራል።

የመጨረሻውን ጥያቄዎን በተመለከተ፤ ፊሽካን የመታችውን ጥርስ አጣሪዎቹ ወስደዋታል። እሷን ያሰረችው ብሎን ግን አልተገኘችም። ፈልጌያለሁ።

እማዬን ሳሙልኝ። ሹራቡን አልላከችልኝም አላለችም? እልካለሁ በሉልኝ፤ ክርኑን ስላቃጠልኩት አፍሬ ነው።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 17

ቁንጥንጧ፤

ሹራቡን ላኪው፤ የተቃጠለ ክርን ለእናትሽ የሳምንት ሥራ ነው፣ ደስ ይላታል።

መልስሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ዐይን አለሽ። ድሮ ቁልፍ ሳቀብልሽ ስትቁነጠነጪ ይቺ ልጅ እዚህ ሥራ ላይ አትቆይም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

አሁን ወደ ጥርሱ። መሀሉ ድቡልቡል ብሎ ጫፉ ከተሸረፈ፣ አፈሩም ይሞርድሻል፣ ቋጥኙም ይመታሻል ማለት ነው። ስለዚህ ካርባይድ ያስፈልግሻል፤ ነገር ግን ጠንካራ ማለት የማይሰበር ማለት አይደለም። ቀጭንና ሾል ያለ ካርባይድ ነጭ ቋጥኝ ሲያገኘው እንደ ብርጭቆ ይረግፋል። ካታሎጉ ላይ ጫፉ አጭር፣ ሰፊና ወፍራም የሆነውን ፈልጊ። ከጫፉ ኋላ ደግሞ የብረቱ ሰውነት ጥቅጥቅ ብሎ ይደግፈው። መልኩን አይተሽ መዶሻ ነው ካልሽው እሱ ነው፤ ቢላ ከመሰለሽ እለፊው። ይፈጫል እንጂ አይቆርጥም፤ ፍርፋሪው አያምርም፣ ሥራው ይዘገያል። ይዘግይ።

አንድ ጥርስ ስትቀይሪ ትይዩዋን አብረሽ ቀይሪ። በክብደት እኩል ይሁኑ፤ አለዚያ ከበሮው ሚዛኑን ስቶ ይንቀጠቀጣል። ከበሮውንም ከመሬት ስንዝር ያንሱት። ቆሞ ማስለካት እምቢ ያለ ኦፕሬተር ካለ ቁልፉን ንቀዪበት፤ በኔ ስም።

ጥርስ ባወረድሽ ቁጥር ብሎኑንም ጣይው። አሮጌ ብሎን አንድ ጊዜ ተስቧል፣ ዳግመኛ አይታመንም። ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ለምን እንደምነግርሽ አላውቅም። ሽማግሌ መሆኔ ነው መሰለኝ።

ስለ ማሽን እንዳትጽፊልኝ ብዬ ይኸው ገጽ ሞላሁ። ከአደጋው ወዲህ እንደዚህ ተቀምጬ የጻፍኩበት ቀን የለም። ጎረቤት ብረት ሲቆርጥ ድምፁን ስሰማ ተነስቼ ከግቢ እወጣ ነበር። ዛሬ ቆረጠ፤ አልወጣሁም።

አጎትሽ

ኅዳር 30

ጋሼ፤

ይህን ተቀምጠው ያንብቡት። እማዬ አጠገብዎ ካለች ወጣ ብለው ያንብቡት።

ብሎኗ አልተገኘችም ብዬ የጻፍኩልዎ ውሸት ነው። ብሎኗ እኔ ጋ ናት።

ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን አሥራ ሁለት ጥርስ አውርጄ መልሼ ማሰር ነበረብኝ። አዲስ ብሎን የነበረኝ ስምንት ብቻ ነበር። ቀሪው ሐሙስ ከቦቴው ጋር ይመጣል ተባለ፤ ቀኑ ማክሰኞ ነው። ኢንጂነሩ አላስገደደኝም፣ በሱ ላይ ማላከክ አልፈልግም። “ማሽኑ ነገ ይነሳል?” አለኝ፣ እኔ “ይነሳል” አልኩት። ሰዉ ሁሉ የጋሼ ልጅ እጇ ፈጣን ነው ይል ነበር። ያንን መስማት እወድ ነበር። አራቱን አሮጌ ብሎኖች በብሩሽ አጽድቼ፣ ዘይት ቀብቼ መለስኳቸው። አንደኛዋ አንገቷ ላይ ቀጥና ነበር። አላየሁም ማለት አልችልም። በጥፍሬ ዳስሻታለሁ።

ጠዋት ማሽኑ ላይ ወጥተው በመስኮቱ “ብሎኑ አዲስ ነው?” አሉኝ። ያስታውሱታል? “አዲስ ነው ጋሼ” አልኩዎ። ፈገግ ብዬ ነው ያልኩዎ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ ያውቁታል። እርስዎ የማያውቁትን ልንገርዎ። ፊሽካን መኪና ላይ ሲጭኑት፣ እርስዎ ጭንቅላቱን ደግፈው ስሙን ሲጠሩት፣ እኔ ወደ ከበሮው ሄድኩ። ሰው ሁሉ ወደ ሰው ሲሮጥ እኔ ወደ ብረት ሄድኩ። የተበጠሰችው ብሎን ግማሿ ፍርፋሪው ውስጥ ነበረች። ቱታዬ ኪስ ከተትኳት።

አጣሪዎቹ ሲመጡ እናገራለሁ ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌ ላይ ነበረች። እርስዎ ግን ቀድመው ቆሙና “ከበሮውን ዝቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ” አሏቸው። ዝም አልኩ። ከዚያ ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ እርስዎ ዕቃዎን ሸክፈው ነበር። ሻንጣዎን መኪና ላይ የጫንኩልዎ እኔ ነኝ።

ስለ ጥርስ ምርጫ የጻፍኩልዎ ካታሎጉ አስቸግሮኝ አይደለም። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር መልሼ የማስቀምጠው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። በዚህ እጅ የመረጥኩትን ጥርስ ሰው አጠገብ ማሽከርከር ፈራሁ። እርስዎ ደግሞ መለሱልኝ፤ ጥሩ ዐይን አለሽ አሉኝ። እዚያ ጋ ስደርስ ከዚህ በላይ መቀጠል አልቻልኩም።

ምን ብዬ እንደምዘጋው አላውቅም።

ታኅሣሥ 22

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ቦቴው ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን የመጣው ሹፌሩ ረስቶ አይደለም። የምሰጠው አጥቼ ነው።

ለአምስት ወር ቀኝ እጄን ሳይ ኖሬያለሁ። ማንሻውን የያዘችው እሷ ናት፣ ሰውየውን የመታችው እሷ ናት እያልኩ። ሰው ሰላም ሲለኝ ግራዬን እዘረጋ ነበር። እናትሽ “እጅህን ምን ሆንክ?” ስትለኝ “ደነዘዘብኝ” እላታለሁ። አንቺ ይህን ሁሉ ጊዜ ብሎኗን ይዘሽ ስለ ሹራብ ትጽፊልኛለሽ።

አሁን ደግሞ እኔ የምነግርሽን ስሚ። ያን ቀን ከበሮው ሲንቀጠቀጥ ወንበሩ ሥር ተሰምቶኝ ነበር። ሃያ ዓመት የማውቀው ንዝረት ነው፤ ብሎን ሲላላ የሚመጣ። ላቆም እጄ ሄዶ ነበር። ከዚያ “አዲስ ነው ብላኛለች” አልኩ። ድንጋይ ነው ብዬ አለፍኩት። ለአጣሪዎቹ ይህን አልተናገርኩም፤ ብናገር ጥያቄው ዞሮ ወደ አንቺ ይመጣ ነበር። ጥፋት ይኖርባታል ብዬ አይደለም፤ ልጅቷን በከንቱ አያስጨንቋት ብዬ ነው። ስለዚህ እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ማቆም ነበረብኝ።

እኔን ይቅርታ አትጠይቂኝ። ጉልበቱ የማይታጠፈው እኔ አይደለሁም። መጀመሪያ ኢንጂነሩ ጋ ሂጂ፣ ንዝረቱንም ንገሪው፣ እኔም እጽፍለታለሁ። ከዚያ ፊሽካ ቤት ሂጂ። ብቻሽን። በደብዳቤ አይሆንም። ለእናትሽም አንቺው ጻፊላት፤ እኔ አላነብላትም።

ጥርሱን ግን አታዘግዪ። እኔና አንቺ ስንኳረፍ አዲሱ ሰውዬ ያንን ከበሮ እየነዳ ነው። ያልኩሽን፣ አጭሩንና ሰፊውን እዘዢ። ለእያንዳንዱ ጥርስ አዲስ ብሎን ከነዳዶው፣ መጠባበቂያም ጨምሪ። እስኪመጣ ማሽኑ ይቁም። ኢንጂነሩ “ይነሳል ወይ?” ካለሽ “አይነሳም” በይው።

አጎትሽ

ጥር 19

ለጋሼ፤

እንዴት ሰነበቱ ለማለትም አፈርኩ። ያዘዙኝን አድርጌያለሁ።

ኢንጂነሩ ጠረጴዛ ላይ ብሎኗን አስቀመጥኩለት። “ይቺ ምንድን ናት?” አለኝ።

“የፊሽካ ጉልበት ናት” አልኩት።

አልገባውም። ነገርኩት፤ ከማክሰኞው ጀምሬ እስከ ቱታዬ ኪስ ድረስ። መነጽሩን አወለቀና “ለምንድን ነው አሁን የምትነግሪኝ?” አለኝ። አጣሪዎቹ እንደገና መጥተው ቃሌን ተቀበሉ፣ የእርስዎንም ደብዳቤ አያያዙት። ሪፖርቱ ተለውጧል። እኔ ለጊዜው አልተባረርኩም፤ ሌላ ሰው አጠገቤ ቆሞ ካልፈረመ አንዲት ዳዶ እንኳ ማጥበቅ አልችልም። ከሌላ ሳይት አንድ አንጋፋ ሜካኒክ አመጡ። ሲያስነጥስ እንኳ ዐይኑን ከእጄ ላይ አያነሳም። ልክ ነው።

ማሽኑ አሥራ ስድስት ቀን ቆመ። ጥርሶቹ መጡ፣ መዶሻ የመሰሉት። ጥንድ ጥንዳቸውን በሚዛን መዝነን፣ በአዲስ ብሎን፣ በተለካ ማጥበቂያ አሰርናቸው። አዲሱ ኦፕሬተር “ኤሊ አደረጋችሁኝ” ብሎ ተነጫነጨ። በሦስተኛው ቀን ሣር ውስጥ የተደበቀ ነጭ ቋጥኝ መታ። ድምፁን ስሰማ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አጥፍቶ ወረደ፤ ጥርሷ ጫፏ ላይ ነጭ ጭረት ብቻ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑን ቀንሷል።

ፊሽካ ቤት እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። በሩን የከፈተችልኝ ባለቤቱ ናት። እሱ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ሲያየኝ ደስ አለው። ያ ነው የከበደኝ።

“አጎትሽ ደህና ነው?” አለኝ።

“ደህና ነው። የመጣሁት ስለሱ ነው። ያጠፋው እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ።”

ሬዲዮውን ዘጋው። ሁሉንም ሳልቀመጥ ነገርኩት።

“ብሎኗ እንደቀጠነች አይተሻል?”

“አይቻለሁ።”

“እኔ እዚያ እንደምቆምስ?”

“አውቃለሁ። በየቀኑ እዚያ ነበር የምትቆመው።”

ባለቤቱ ከማጀቱ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ተንበርክኬ ይቅር በለኝ አልኩት።

“ተነሺ” አለኝ። “እኔ እኮ ይቅር ብያለሁ። ለአጎትሽ ሰጥቼዋለሁ። ያንን ለመስጠት ስንት ሳምንት ግድግዳ ሳይ እንደከረምኩ ታውቂያለሽ? አሁን መጥተሽ የሰጠኸው ለሌላ ሰው ነው ትይኛለሽ። ምን ላድርግ? መልስልኝ ልበለው?”

ተነስቼ ቆምኩ።

“ለአንቺ የሚሆን አሁን የለኝም” አለኝ። አልጮኸም። “ሲኖረኝ እልክብሻለሁ። እስከዚያ አትመላለሺብኝ።”

ባለቤቱ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ደህና ሁኚ አላለችኝም። በሩን ግን በኃይል አልዘጋችውም።

ጋሼ፣ ከእርስዎ ምንም አልጠብቅም። ለእማዬም ጽፌላታለሁ።

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 3

ቁንጥንጧ፤

ፊሽካ ያለው ልክ ነው። እኔም ገና ነኝ። ጠዋት ስነሳ ይቅርታውን ፈልጌ የማጣበት ቀን አለ፣ ያገኘሁት የሚመስለኝም ቀን አለ። እንዳልዋሽሽ ብዬ ነው። እስኪሰምርልኝ ከመንገዴ ዞር አትበዪ፣ ዐይኔንም አትሽሺ። ሥራ ላይ የማይተያዩ ሰዎች ሦስተኛ ሰው ይጎዳሉ።

ኢንጂነሩ ፈቃዴን መልሶ ልኮልኛል፣ ናልኝም ብሏል። አንድ ቀን አሰብኩበት። የላይኛው ተዳፋት ሣር የሸፈነውን ቋጥኝ በወንበሩ ንዝረት የሚለይ ሰው ይፈልጋል። ሰኞ ከቦቴው ጋር እመጣለሁ። ፊሽካንም በመንገዴ አየዋለሁ፤ ያንን የሰጠኝን ይቅርታ ያዘው ካለኝ እይዘዋለሁ፣ ካለዚያም እመልስለታለሁ።

እናትሽ ደብዳቤሽን ብቻዋን አነበበች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ ለምን በእኔ ላይ እንዳኮረፈች ለማወቅ ብዙ ደከምኩ። ዛሬ ሻንጣዬን ሳወርድ አየችኝ።

“ልትሄድ ነው?” አለችኝ።

“ልሄድ ነው።”

“ከእሷ ጋር ነው የምትሠራው?”

“ከእሷ ጋር ነው” አልኳት።

ሸሚዞቼን ሰብስባ ልትተኩስልኝ ገባች።

አጎትሽ